ከዓድዋ በፊት የነበረው የምኒልክ የጠመንጃ ግዢ

ዳግማዊ ምኒልክ ከሸዋ ንጉሥነታቸው ዘመን ጀምሮ እስከ ዓድዋ ዋዜማ ድረስ ከአውሮፓ ነጋዴዎችና መንግሥታት ጠመንጃ ሲያሰባስቡ ኖረዋል። የትኛው ጠመንጃ እጃቸው እንደሚገባ የወሰነው ግን ፍላጎታቸው ብቻ አልነበረም። ካዝናቸው ምን ይችላል፣ አውሮፓስ ምን ጣለች የሚለውም ነበር።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሠራዊቶች መሣሪያ ቶሎ ቶሎ ይለውጡ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ እያንዳንዱ ተኩስ እንደገና መጉረስ የሚፈልገው የ1874ቱ «ግራ» የተባለ ጠመንጃ ለገበያ ወጣ። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ጠመንጃ እኛ ዘንድ ውጅግራ ሆነ። የእንግሊዙ ስናይደርም ሰናድር ተባለ።

አሮጌ ቢሆንም ርካሽ አልነበረም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. በዛሬዋ ጅቡቲ ካለችው የታጁራ ወደብ ተነሥቶ በግመል ቅፍለት ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ሸዋ አድርሷል። እነዚህ ጠመንጃዎች ከ40 ዓመት በፊት ከአገልግሎት የወጡ እንደሆኑ ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ተናግሯል፤ በቤልጅጓ ከተማ ሊዬዥ 7 ወይም 8 ፍራንክ የሚያወጣው ለምኒልክ በ40 ፍራንክ ያህል ይሸጥ ነበር። በመካከሉ የአፋር በረሃና የወራት መንገድ አለ። ምኒልክ ዋጋውን አስቀንሰው፣ ክፍያውን ሐረር ላይ ከገዥው ከመኮንን እንዲቀበል ራምቦን ላኩት።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከዝሆን ጥርስ፣ ከወርቅ፣ ከዝባድ፣ ከቡና፣ ከባሪያ ንግድም ጭምር። በ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ድል የምዕራቡን የንግድ መስመር፣ በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ድል የሐረርን ኬላ ለሸዋ አስገኘ። ዓድዋ ላይ የተተኮሰው ጥይት ዋጋ በብዙው የደቡብና የምዕራብ ሕዝብ ትከሻ ላይ ነበር፤ በየዓመቱ ድሉን ስናከብር ይህን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን።

ጥሬ ገንዘብ ሲያጥር ፖለቲካ ይከፍል ነበር። በ1880 ዓ.ም. ኢጣሊያ ምኒልክ በአፄ ዮሐንስ ላይ በምታደርገው ጠብ ጣልቃ እንዳይገቡ 5,000 ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጣቸው ተስማማች። ከውጫሌ ውል በኋላ ደግሞ በሐረር ጉምሩክ ዋስትና 4 ሚሊዮን ሊሬ አበደረች። በዚያው ሰሞን «ክፉ ቀን» የተባለው ረሃብ ገባ። የከብት እልቂቱ የእርሻ በሬ ስላሳጣ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል።

ከሁሉ የከበደው የጥይት ነገር ነበር። ለየጠመንጃው ጥይቱ ሌላ ነው፣ አገር ውስጥም አይሠራም። ስለዚህ ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቀለሁ እየተለቀመ እንደገና ባሩድና እርሳስ ይሞላበት ነበር። በደቡብ ገበያዎች የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን የማርትሬዛ ብር ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል። ጥይት እንዲህ ገንዘብ በሆነበት አገር ወታደሩ በከንቱ አይተኩስም፤ ጎራዴና ጋሻውንም አልጣለም።

ቁጠባ ኢጣሊያንንም አላለፋትም። እ.ኤ.አ. የ1891ዱን አዲስ ጠመንጃ ብትይዝም፣ ዓድዋ ላይ ያሰለፈቻቸው ወታደሮች በአመዛኙ አሮጌውን ቬተርሊ ይዘው ነበር፤ የተከማቸው ጥይት እንዲያልቅ ተፈልጎ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. 56 መድፎቿና 11,000 ያህል ጠመንጃዎቿ፣ እነዚያው ቬተርሊዎች ጭምር፣ ያለ አንዳች ፍራንክ በኢትዮጵያ እጅ ገቡ።