የአራት አምስተኛ ደንብ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ገላን ላይ ያለ አንድ ፋብሪካ ለማሽን ኦፕሬተርነት 200 ሰዎችን በጽሑፍ ፈተና አወዳደረ እንበል። የ100ዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ አማርኛ፣ የቀሪዎቹ ኦሮምኛ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 60፣ ከሁለተኛዎቹ 30 አለፉ። የአራት አምስተኛ ደንብ እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚመዝን ነው፤ የአንድ ቡድን የማለፍ ምጣኔ ከፍተኛውን ምጣኔ ካገኘው ቡድን 80 በመቶ በታች ከወረደ፣ አመራረጡ ቡድኑን ሳይጎዳ አልቀረም ተብሎ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ የሁለተኛው ቡድን ምጣኔ (30 በመቶ) ከመጀመሪያው ምጣኔ (60 በመቶ) 50 በመቶውን ብቻ ነው።

ደንቡ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት መመሪያ ውስጥ የሠፈረ ሲሆን፣ ከጀርባው በ1971 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ያገኘው የጥቁሩ ሠራተኛ የግሪግስ እና የአሠሪው የዱክ ፓወር ክርክር አለ። ዱክ ፓወር የተባለው የኤሌክትሪክ ኩባንያ በሰሜን ካሮላይና ጣቢያው ጥቁሮችን በጉልበት ሥራ ክፍል ብቻ ያሠራ ነበር፤ በሥራ ቅጥር አድልዎን የሚከለክለው ሕግ በ1965 ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት ደግሞ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ለመቀጠር ሁለት ፈተናዎችን ማለፍ ግዴታ አደረገ። አንዱ በ12 ደቂቃ 50 ጥያቄ የሚያስመልሰው፣ ወንደርሊክ የተባለው የማሰብ ችሎታ ፈተና ነው። ያለ ፈተናም ሆነ ያለ ሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ቀድመው የተቀጠሩት ነጮች ግን ሥራቸውን በሚገባ ይወጡ ነበር። ፍርድ ቤቱ፣ የአድልዎ ሐሳብ ባይኖርም እንኳ፣ አንድን ቡድን የሚያስቀር ፈተና ከሥራው ጋር ያለውን ዝምድና አሠሪው ማስረዳት አለበት ሲል ወሰነ።

የማሰብ ችሎታ ፈተና የሥራ አፈጻጸምን በተወሰነ ደረጃ እንደሚተነብይ፣ በአሜሪካም በቡድኖች መካከል የአማካይ ውጤት ልዩነት እንደሚታይበት ጥናቶች ያሳያሉ፤ ሁለቱንም መካድ አይገባም። ይሁን እንጂ የየቡድኑ ውጤቶች በእጅጉ ስለሚደራረቡ አማካዩ ስለ አንድ ተፈታኝ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ ከትምህርት ይምጣ ከቋንቋ ወይም ከኑሮም በራሱ አይገልጽም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ የአንድን ብሔር ተፈጥሮ መፈረጅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ገላን ላይ መጀመሪያ የሚመረመረው የጥያቄ ወረቀቱ ነው። ተፈታኙ ረጅም የአማርኛ አንቀጽ በጥድፊያ እንዲያነብ ተደርጎ፣ ሲቀጠር የሚሠራው ግን የግፊት መለኪያ አይቶ ቫልቭ መዝጋት ከሆነ፣ የተለካው የንባብ ፍጥነቱ ነው። በዘር እየለዩ ነጥብ ማስተካከል በአሜሪካ ከ1991 ወዲህ የተከለከለ ሲሆን፣ በእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። የሚቀረው ፈተናውን በሁለቱም ቋንቋዎች ማዘጋጀት፣ ንባቡን ሥራው በሚጠይቀው ልክ መወሰን፣ ተወዳዳሪውንም ማሽኑ ፊት አቁሞ ሲሠራ ማየት ነው።