የግቢ ሲሚንቶ እድፍ ምንድን ነው? ለምንስ ታጥቦ አይለቅም?

አምና ጳጉሜ ላይ ነው። ለእንቁጣጣሽ ግቢውን ልጠብ ብዬ ተነሳሁ። ሁለት ሊትር በረኪና፣ አንድ ባልዲ ውሃ፣ አንድ መፈግፈጊያ ብሩሽ ይዣለሁ። ከአሸንዳው ሥር ያለው ሊሾ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲወርድበት ከርሞ አረንጓዴ ለብሷል። በአጥሩ ጥግ ጥግ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቷል። የውሃ ታንከሩ የቆመበት የብረት እግር ደግሞ ዙሪያውን ቡናማ ቀለበት ሠርቷል። እኔ ለሦስቱም ያው በረኪናዬን ደፋሁላቸውና ወገቤ እስኪቆረጥ ፈገፈግኩ።

በማግስቱ ሳየው አረንጓዴው ድራሹ ጠፍቷል። ነጩ እርጥብ እያለ የለቀቀ መስሎኝ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው ተመልሶ መጣ። ቡናማው ንቅንቅ አላለም። ጭራሽ የታንከሩ እግር ቀለሙ በተላጠበት በኩል አዲስ ዝገት ጀምሯል።

አንድ ግቢ፣ አንድ በረኪና፣ ሦስት ውጤት። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቆሻሻ ላይ ላዩን ይቀመጣል፣ በመጥረጊያ ይሄዳል። እድፍ ግን ሲሚንቶው የጠጣው ነገር ነው። ምን እንደጠጣ ሳይታወቅ የሚደፋ መድኃኒት አንዳንዴ በሽታውን ያባብሳል።

ሲሚንቶ ይጠጣል እንዴ? በደንብ ነው የሚጠጣው። የተሠራበትን ቀን አስታውሱ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶና ውሃ ይቦካል። ሲሚንቶው የሚጠነክረው እንደ ጭቃ ደርቆ ሳይሆን ከውሃው ጋር በኬሚካል ተዋህዶ ነው። ለዚህ ሥራ ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 20 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል። ሠራተኛው ግን አካፋው እንዲቀለው አንድ ጆግ ይጨምራል፤ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጆግ። ትርፉ ውሃ እዚያው አይቀርም፤ ቀስ እያለ ተንኖ ይወጣል። የወጣበት መንገድ ግን ይቀራል። ከፀጉር የቀጠነ፣ በዓይን የማይታይ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ቀዳዳ። የመኪናው ዘይት፣ የቡናው አተላ፣ የዝገቱ ውሃ ሁሉ የሚገባው በዚያ ነው። ከተሠራ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት ሲገባው በፀሐይ የተተወ ሊሾ ደግሞ ላይኛው ልባሱ ደካማ ስለሚሆን የባሰ ይመጣል። ጠዋትና ማታ በጎማ ውሃ የሚያጠጣውን ሰው «ምን ያባክናል» ብሎ መቆጣት ያኔ ነው የሚያስጠይቀው።

ወደ ነጩ ልመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእሱ ነው። አንዱ «ሻገተ» ይላል፣ ሌላው «ጨው አወጣ» ይላል። ወደ እውነቱ የሚቀርበው ጨው ያለው ነው። ሲሚንቶና ውሃ ሲዋሃዱ ኖራ ይፈጠራል፤ በኬሚስትሪ ስሙ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ። ዝናብ ወይም የመሬት እርጥበት በቀዳዳዎቹ ሲያልፍ ይህን ኖራ አሟሙቶ ወደ ላይ ይዞት ይወጣል። ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፤ ኖራው ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ካልሲየም ካርቦኔት ይሆናል። የእንቁላል ቅርፊትም በአብዛኛው ይኸው ነው። ስለዚህ ነጩ ከውጭ የመጣ ሳይሆን ሲሚንቶው ራሱ ያላበው ነው ማለት ይቻላል።

ሻጋታ ይሁን ኖራ መለየት ቀላል ነው። አንድ ጠብታ አቼቶ አድርጉበት። አረፋ እየደፈቀ ፍስስ ካለ ኖራ ነው። ውሃ ሲነካው መጥፋቱ ግን አያታልላችሁ። አልሟሟም፤ እርጥብ ሲሆን ስለማይታይ ብቻ ነው። እኔን ያጃጃለኝም ይኸው ነው።

ማጽዳቱ የሚጀምረው በደረቁ ነው። በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ፈግፍጋችሁ ዱቄቱን ጠርጉና አውጡት። በውሃ ከጀመራችሁ ዱቄቱን መልሳችሁ ወደ ቀዳዳዎቹ ታስገቡታላችሁ። ከዚያ ለቀረው አቼቶን በእኩል ውሃ በጥብጡ። መጀመሪያ ሲሚንቶውን በንጹሕ ውሃ አርጥቡት፤ ቀዳዳዎቹ ውሃ ከጠገቡ አሲዱ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ከዚያ አቼቶውን ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ፈግፍጉ፣ በብዙ ውሃ አጥቡ። አዲስ ሊሾ ላይ የወጣ ከሆነ ግን ብዙም አትጨነቁ። በመጀመሪያው ዓመት መውጣቱ የተለመደ ነው፤ በየጊዜው ከተጠረገ እየቀነሰ ይሄዳል። ዓመታት አልፈውም በአንድ ቦታ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ ከሥሩ ውሃ አለ ማለት ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈልጉ።

ቡናማው የብረት ነው። የታንከሩ እግር፣ የበሩ ማጠፊያ፣ ከግንባታ የተረፈ የፌሮ ቁራጭ፣ ውጭ ያደረ ምስማር፤ ሁሉም ዝናብ ሲነካቸው ዝገት ያለቅሳሉ። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፤ ብረቱን ራሱን ግን ያዝገዋል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ለዝገት ሎሚ ነው መድኃኒቱ። ጭማቂውን አፍስሱበት፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ በፕላስቲክ ብሩሽ ፈግፍጉ፣ አጥቡ። በአንዴ ካልለቀቀ ይደገም። በሎሚው ውስጥ ያለው አሲድ ብረቱን ይዞት ይወጣል። የእኔው ቀለበት በሦስተኛው ዙር ነው የለቀቀው፤ ስድስት ሎሚ ፈጅቶብኛል። በሽቦ ብሩሽ እንዳትፈገፍጉት። ሽቦው እየተሰበረ በቀዳዳው ውስጥ ይቀርና ከሳምንት በኋላ በራሱ ዝገት ነጠብጣብ ይሠራል።

አረንጓዴውና ጥቁሩ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ አልጌ፣ የድንጋይ ሽበት፣ ሻጋታ። እርጥበትና ጥላ ካገኘ ሌላ አይፈልግም። በረኪና ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ነው። አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ፣ ሩብ ሰዓት ማቆየት፣ መፈግፈግ፣ ማጠብ። አጠገቡ አበባ ወይም ጎመን ካለ አፈሩን ቀድማችሁ በውሃ አጥግቡት። ይህን እድፍ ለውበት ብቻ ብላችሁ አትዩት፤ በዝናብ ቀን የስንት አዛውንት ዳሌ የተሰበረው በዚህ አንሸራታች ነገር ነው።

የቡና አተላና የረገፈ ቅጠል የሚተዉትም ቡናማ አለ፤ ከዝገት ጋር ይምታታል። ቅርጹን እዩ። ቀለሙ ከብረት ሥር ከተነሳ ዝገት ነው፤ የቅጠል ቅርጽ ወይም የተደፋ ነገር መልክ ካለው የተክል ቀለም ነው። የተክሉ ለበረኪናው ውሃ ይበገራል፤ የቅጠሉማ ከጊዜ ጋር ፀሐይም ያደበዝዘዋል። ባጭሩ፦ ሕይወት ለነበረው በረኪና፣ ለብረትና ለኖራ አሲድ፣ ለቅባት ሳሙና።

ቅባት ላይ ፍጥነት ነው ዋናው። መኪናው ዘይት ካንጠባጠበ ውሃ አታፍሱበት፤ ያሰፋዋል። ሰጋቱራ፣ ደረቅ አሸዋ ወይም ደረቅ የሲሚንቶ ዱቄት ነስንሱበትና ይደር፤ ጠዋት ጠርጉት። ቆይቶ የጠለቀ ከሆነ መሳብ አለበት። የልብስ ሳሙና ዱቄትና ሰጋቱራ በሙቅ ውሃ እንደ ወፍራም ገንፎ አላቁጡ፣ ጣት ውፍረት አድርጋችሁ ለጥፉበት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ አንድ ቀን አቆዩት፣ ከዚያ ገልጣችሁ ሲደርቅ ፍቁት። ሙሉ በሙሉ ይለቃል ብዬ አልዋሻችሁም። የድሮ የሞተር ዘይት ጥላው ይቀራል።

ሰው ሲማረር የሚሄደው ወደ ሽንት ቤት ማጽጃው ጠንካራ አሲድ ነው። እድፉን ያነሳል፤ ከሲሚንቶው ቆዳ ጋር። ሲሚንቶ በተፈጥሮው የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ አሲድ ሲያገኘው ይበላል። ታጥቦ ሲደርቅ አሸዋው ፈጦ ይታያል፤ ሸካራው ወለል ደግሞ ከበፊቱ የባሰ እድፍ ይጠጣል። ጭሱም አጠገብ ያለን የብረት በር ያዝጋል። ከሁሉ የከፋው በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው። ስለዚህ በረኪና የነካውን ቦታ በደንብ አጥቡ፣ ሎሚውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ጓንትና የተሸፈነ ጫማ አይረሳ፤ በነጠላ ጫማ በረኪና አይሠራም።

እንደ ላቫጆ ቤቱ በግፊት የሚረጭ ማሽን የሚከራይ ካገኛችሁ ለአረንጓዴው ግሩም ነው። አፉን ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ተጠግታችሁ ከረጫችሁ ሊሾውን እየላጠ መስመር ያወጣበታል፤ መስመሩ ደግሞ አይጠፋም።

እኔ ዘንድሮ የለወጥኩት ሁለት ነገር ነው። የአሸንዳውን ቱቦ አስረዝሜ ውሃውን ወደ ቦዩ ወሰድኩት፤ ከታንከሩ እግር ሥር ደግሞ የተረፈ ሴራሚክ ቁራጭ አስገባሁ። አዲስ የምታሠሩ ከሆነ በየአንድ ሜትሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ተዳፋት ይኑረው። ቀለም ቤቶች የሚሸጡት ውሃ የሚገፋ ቅብም አለ፤ ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ዓይነት ጠይቁ። ላይ ላዩን የሚያብለጨልጨው ከሥር እርጥበት ሲመጣበት ይነጣል፣ ይላጣል። አዲስ ሲሚንቶ ከሆነ ከመቀባታችሁ በፊት 28 ቀን ጠብቁት።

ቅቡ ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ሲኒ ውሃ በደረቁ ሊሾ ላይ አፍስሱና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው ተንከባሎ ከቆየ ተዉት። ሲሚንቶው ጠቁሮ ውሃው ከጠፋ እየጠጣ ነው።