ሰመመን ምንድን ነው? እንቅልፍማ አይደለም

ድሬዳዋ ላይ የቀትር እንቅልፍን የሚንቅ የለም። ሙቀቱ ያስገድዳል። ሱቅ ይዘጋል፣ ቬንትሌተር ይከፈታል፣ ሰው ጋደም ይላል። እኔም ጋደም ብዬ ስልኬን ስነካካ ነው ያየሁት፦ «ሰመመን ማለት ከባድ እንቅልፍ ነው። ባለሙያው መርፌዋን ወግቶ ይወጣል።» እንቅልፌ ጠፋ። ስንተኛ ጊዜ ነው!

ወንድሜ፣ ለቀዶ ጥገና ሰመመን የምሰጠው ባለሙያ እኔ ነኝ፤ ወጥቼ ወዴት ልሂድ?

የተኛ ሰው ዘበኛው በር ላይ የሚያንቀላፋበት ግቢ ነው። በሩን ብትደበድብ ይነሳል። ብትቆነጥጠው እጁን ይሰበስባል። ሙሉ ሰመመን የወሰደ ሰው ግን ዘበኛው ፈቃድ የወጣበት ግቢ ነው። ቢላዋ ሆዱን ሲከፍት የሚጮህ የለም። ችግሩ፣ ዘበኛው ሌባ ብቻ አልነበረም የሚጠብቀው። ከሆድ የመጣ ነገር ወደ ሳንባ እንዳይገባ የሚዘጋው፣ ምላስ ወደ ኋላ ወድቆ አየር እንዳያፍን የሚይዘው እሱ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ። አስተነፍሳለሁ፣ የደም ግፊት እከታተላለሁ፣ መድኃኒት እጨምራለሁ፣ እቀንሳለሁ። ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ከፈጀ ሦስት ሰዓት እዚያው ነኝ።

«ሆድህን ባዶ አድርገህ ና» የምንለውም ለዚህ ነው። ከቀላል ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውኃ 2 ሰዓት። ሻይ በወተት ከሆነ ምግብ ነው፤ «ሻይ ብቻ ነው የቀመስኩት» አይሠራም። (ሙሽሮች ደግሞ፦ ጥቁር ሂና ጣት ላይ የምናደርገውን የኦክስጅን መለኪያ ሊያወናብደው ይችላል። እባካችሁ አንድ ጣት ተዉልን።)

ጫትም አለ። አንድ አባት «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልቃምኩም ልጄ» አሉኝ። አፋቸውን ሲከፍቱ ምላሳቸው አረንጓዴ ነው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሆድም ቶሎ እንዳይራገፍ ያዘገያል። ዘበኛው መርቅኗል ማለት ነው፤ ፈቃድ ውጣ ቢሉት በጄ አይልም። ምሳሌዬን ሳልለጥጠው አልቀረሁም፣ ግን ይሁን። መቃማቸው አይደለም ያናደደኝ፣ መደበቃቸው ነው። ቀጠሮው ለሌላ ቀን ተላለፈ። እሳቸው ከእኔ ብሰው ተናደው ሄዱ።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1846 ዊሊያም ሞርተን ቦስተን ውስጥ ኤተር የሚባል ማደንዘዣ አሽትቶ ሕመምተኛውን ያለ ስቃይ ሲያስቀድድ፣ ለነገሩ «አኔስቴዢያ» የሚል ስም ያወጣለት ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ የተባለ ሐኪም ነው። ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ አለመሰማት ማለት ነው። እንቅልፍ የት አለበት?

እሱ ካላሳመነ ይኸው ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1898 ጀርመናዊው ሐኪም አውጉስት ቢር ከወገብ በታች የሚያደነዝዘውን የጀርባ መርፌ በረዳቱ ላይ ሞከረ። ከዚያ የረዳቱን ቅልጥም በብረት መዶሻ መታው። ረዳቱ ቁጭ ብሎ እያየ ምንም አልተሰማውም። (በኋላ ሁለቱም በራስ ምታት ተሰቃይተዋል። ዛሬም ይህ ራስ ምታት አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ሳይናገሩ መታገስ አያስፈልግም።) ዛሬ በጀርባ መርፌ በቀዶ ጥገና የምትወልድ እናት የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በጆሮዋ ትሰማለች። ዘበኛው በቦታው አለ፤ ከወገብ በታች ያለው ስልክ ብቻ ነው የተቆረጠው። ይህንንም እንቅልፍ በለዋ!

ደግሞ የተኛ ሰው ሲነቃ ሰዓት መሄዱን ያውቃል። በሙሉ ሰመመን የነበረ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም። እኚያ አባት በአዲሱ ቀጠሯቸው ምላሳቸው ንጹሕ ሆኖ መጡ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን፣ ተሰፍተው፣ የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶላቸው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። አዩኝ። ፊታቸው ተቆጣ።

«ኧረ ልጄ፣ ዛሬም ልታስተላልፉት ነው?»