የዋህነት ሞኝነት ነውን? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የዋህ ማለት በቀላሉ የሚታለል ሰው ነው።» በዕለት ንግግራችን «እሱ እኮ የዋህ ነው» ስንል ግማሹ ምስጋና፣ ግማሹ ሐዘኔታ ነው፤ ቃሉ ሞኝ ላለማለት የምንመርጠው ሽፋን ሆኗል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ግን ደቀ መዛሙርቱ እንደ እባብ ልባሞች፣ እንደ ርግብም የዋሆች እንዲሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ታዘዋል። የዋህ ሰው ተንኮልን ያውቀዋል፤ አይሠራበትም እንጂ።

«ገር ሰው በደልን ዝም ብሎ ይቀበላል።» በዘኍልቍ ምዕራፍ 12 ከሰው ሁሉ ይልቅ ትሑት የተባለው ሙሴ፣ ፈርዖን ፊት ቆሞ የሕዝቡን ነጻነት የጠየቀው ራሱ ሙሴ ነው። ክርስቶስም በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ አልመለሰም፤ ነገር ግን «ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠይቋል። በትዳሯ የምትደበደብን ሴት «ቻይው» እያሉ በየዋህነት ስም የሚመክሩ ሽማግሌዎች ይህን ክፍል ደግመው ቢያነቡት መልካም ነበር።

«ወንድ ልጅ አያለቅስም።» በአልዓዛር ሞት ኢየሱስ እንባውን አፍስሷል። በእኛም ለቅሶ ቤት ወንዶች በአደባባይ ያለቅሳሉ፤ ለሞተ የተፈቀደው እንባ በቁም ለተጎዳ የሚከለከልበት ምክንያት ግልጽ አይደለም።

«ድካምን መግለጥ ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው።» ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ሁሉን ለሁሉ መናገር ጥበብ አይሆንም። ሆኖም በ«ሆድ ይፍጀው» እና በአደባባይ መካከል ሰፊ ቦታ አለ፤ ምእመኑ ለነፍስ አባቱ የሚናዘዘው ለአንድ የታመነ ጆሮ ነው።

«ትሕትና ዝቅ ብሎ ማገልገል ብቻ ነው።» ከሁሉ ይልቅ ሥር የሰደደውና በደጋግ ሰዎች ዘንድ የሚበረታው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ ሐሙስ ሥርዓተ ሕጽበተ እግር ሲፈጸም፣ ዓይናችን የሚያርፈው ጎንበስ ብለው በሚያጥቡት አባቶች ላይ ነው። የሚታጠበውን ሰው ግን ልብ አንለውም፤ እርሱም አቧራ የነካውን እግሩን በሌላ ሰው እጅ ላይ ማኖር አለበት። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ኢየሱስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ፣ መታጠቡ የከበደው ለጴጥሮስ ነበር፤ «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ሲል፣ «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» የሚል መልስ አገኘ። ጎረቤት ባዘነ ጊዜ እንጀራ ይዞ ቀድሞ የሚደርስ፣ ራሱ ሲታመም ግን «ሰው አላስቸግርም» ብሎ በሩን የሚዘጋ ሰው የጴጥሮስን ቃል እየደገመ ነው።