የንግድ ሕንፃዎች የማቀዝቀዣና የማሞቂያ ሥርዓት የመከላከል ጥገና

የመከላከል ጥገና መሣሪያው ገና ደህና እየሠራ ሳለ በጊዜ ሰሌዳ የሚደረግ ፍተሻ፣ ጽዳት፣ ልኬትና የዕቃ ቅያሪ ነው። በሆቴሎች የቴክኒክ ክፍል በአጭሩ «ፒኤም» ይሉታል። ሌላው ዓይነት ጥገና ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ክፍሉ ሲሞቅ ወይም ጣሪያው ሲያንጠባጥብ ለባለሙያ ይደወላል። በባንክ ቅርንጫፍም ሆነ በገበያ ማዕከል ሁለቱም መኖራቸው አይቀርም። ጥያቄው በጀት የተያዘው ለየትኛው ነው የሚለው ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ አብዛኛውን ዓመት መስኮት ከፍቶ መሥራት የሚቻልባት ከተማ ናት። «ለአዲስ አበባ ደግሞ ኤሲ ምን ያደርጋል?» የሚባለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ከአየሩ ይልቅ ከሕንፃው ነው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተነሡት ፎቆች ብዙዎቹ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሱ ናቸው፤ ወደ ምዕራብ የዞረ ቢሮ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው አያስቀምጥም። የሰርቨር ክፍል ክረምት ከበጋ፣ ቀን ከሌት ሙቀት ያመነጫል። ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ የመኪና ጭስ የሚያወጡለት ማራገቢያዎች ከቆሙበት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ሲደርሱ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አይነሣም።

መሣሪያዎቹ እንደ ሕንፃው መጠን ይለያያሉ። ትንሹ ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፕሊት አለው። አዳዲሶቹ ፎቆች አንድ የውጭ ማሽን ብዙ ክፍሎችን የሚያቀዘቅዝበትን ቪአርኤፍ ይመርጣሉ። ትልልቅ ሆቴሎችና አዳራሾች ውሃ አቀዝቅዞ በቧንቧ የሚልክ ቺለር ይጠቀማሉ። ማሞቂያ በእኛ አገር በአብዛኛው የሆቴል ሙቅ ውሃ ጉዳይ ነው። ክረምታቸው በረዶ በሆነባቸው አገሮች ግን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር የሕንፃው ልብ ነው፤ ጥገናውም ከቅዝቃዜው ወራት በፊት እሳት ማንደጃውን (በርነሩን)፣ የጭስ ማውጫውንና የደህንነት ቫልቩን በመፈተሽ ይጀምራል።

ጋዝ አያልቅም

በዚህ ሙያ ዙሪያ እንደ «ጋዝ አልቋል» የተለመደ ዓረፍተ ነገር የለም። ባለሙያው ይመጣል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ያው ማሽን ያው ጋዝ «ያልቅበታል»። ነገር ግን ማቀዝቀዣ ጋዝ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየተነነና እየፈሰሰ የሚዞር ነው፤ ማሽኑ እስኪያረጅ ድረስ ያው ጋዝ ሊያገለግል ይችላል። ከቀነሰ ወጥቷል ማለት ነው፤ ከወጣ ደግሞ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ያለው የመዳብ ቱቦው ከማሽኑ ጋር በሚታሰርበት ፍሌር ላይ ነው። ጋዙ ሲያመልጥ ጋዙን የሚጨምቀውን የኮምፕረሰሩን ዘይት ይዞ ስለሚወጣ አቧራ የያዘ ጥቁር ቅባት በመገጣጠሚያው ዙሪያ ይታያል። ጥርጣሬ ካለ የሳሙና አረፋ ይቀባል። ቀዳዳው ካልተገኘ በናይትሮጅን ግፊት ይፈተሻል፣ ይጠገናል፣ በቫክዩም ፓምፕ እርጥበቱና አየሩ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይገባል።

ይህን ሁሉ መዝለል ለጊዜው ርካሽ ይመስላል። ጋዝ ያነሰው ማሽን ግን ክፍሉን ለማቀዝቀዝ ረጅም ሰዓት ይሠራል፣ የውስጡ ኮይል (ጋዙ የሚዞርበት ባለ ክንፍ የቱቦ ጥቅል) በረዶ ይይዛል። ብዙ ኮምፕረሰሮች ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው በሚመለሰው ጋዝ ስለሆነም እየጋለ ይሄድና ይቃጠላል። ያኔ የሚገዛው ከውጭ የሚመጣ ኮምፕረሰር ነው። መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ 100 ብርን ስላለፈ፣ ይህ ግዢ የአከራዩን ፊት የሚያጠቁር ሆኗል።

የጋዙ ዓይነትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የኦዞን ንጣፍን የሚጎዳውና በአሮጌ ስፕሊቶች ውስጥ ያለው አር-22 በስምምነቱ መሠረት በታዳጊ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ባለበት ቆሞ፣ በ2025 ፍጆታው በ67.5 በመቶ ቀንሶ፣ ከ2030 በኋላ ለነባር ማሽኖች ጥገና ከሚተርፈው ጥቂት በቀር ከገበያ ይወጣል። የተካው አር-410ኤ ለኦዞን ባያሰጋም ምድርን በማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የፕሮቶኮሉ የኪጋሊ ማሻሻያ የሚመለከተውም እንዲህ ያሉትን ጋዞች ነው። ግፊቱ ከአር-22 በ60 በመቶ ገደማ ስለሚበልጥ በአሮጌው ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) እና ጎማ አይሠራበትም። አሁን በስፋት እየገባ ያለው አር-32 ደግሞ በመጠኑም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው፤ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ ልማዱን መተው አለበት።

ከፍታው የሚያሳስተው መለኪያ

አብዛኛው የአምራች መመሪያ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ከተሞች ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ሽሮው ለመብሰል የሚዘገየውም ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። ይኸው ነገር ጣሪያ ላይ ያለውን ባለሙያም ይከተለዋል። ማኖሜትሩ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ለተመሳሳይ የጋዝ ሙቀት እዚህ ከ3.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) በላይ ከፍ አድርጎ ያነባል። በቫክዩም ጊዜ ይብሳል። መርፌው 30 (ኢንች ሜርኩሪ) ላይ እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው እስከ ማታ ቢጠብቅም አይደርስለትም፤ ፍጹም ባዶ እንኳ ቢሆን እዚህ ከ22 ተኩል ብዙም አያልፍም። በዚህ ምክንያት ቫክዩም በመርፌ ሳይሆን በማይክሮን (በጣም ትንሽ ግፊት በሚለካበት አሃድ) በሚለካ ዲጂታል መሣሪያ መረጋገጥ አለበት፤ የተለመደው ግብ ከ500 ማይክሮን በታች ነው።

ቀጭኑ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚገፋው ክብደት ሩብ ያህል የቀለለ ነው። ሞተሮች በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ስለሚሠሩም እዚህ የመቀዝቀዝ አቅማቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ችላ ሊባል የሚችል የቆሸሸ ኮይል አዲስ አበባ ላይ ቶሎ ይታወቃል።

አየር፣ አቧራና ወረቀት

የጥገናው ትልቁ ክፍል ቆሻሻን ማስወገድ ነው። ፊልተር የሚታጠበው በወር ነው ወይስ በሦስት ወር የሚለውን ቦታው ይወስነዋል። አጠገቡ ሕንፃ እየተሠራ ያለ ቢሮ በሁለት ሳምንት ፊልተሩ የሲሚንቶ ብርድ ልብስ ይለብሳል። በትልልቅ የአየር ማሽኖች ላይ ከፊልተሩ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ይለካና አምራቹ ካስቀመጠው ሲያልፍ ይቀየራል።

የውጪው ኮይል ይታጠባል፣ ግን እንደ መኪና አይደለም። የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ቀጫጭኖቹን የአሉሚኒየም ክንፎች ያጥፋቸውና አየር እንዳያልፍ ይደፍናቸዋል። በቀላል ግፊት ከውስጥ ወደ ውጪ ነው የሚታጠበው፤ ያለበለዚያ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። ቺንጋው መላላቱና መሰነጣጠቁ፣ ኩሽኔታው ድምፅ ማውጣቱ፣ ግራሶ ማስፈለጉ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙው ጥፋት የሚመጣው ከመብዛት ነው፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ቺንጋ ኩሽኔታውን ይበላል።

የፍሳሽ ማውረጃው ማንም የማያስታውሰው ክፍል ነው። ኮይሉ ላይ የሚጠራቀመው ውሃ በትንሽ ትሪ ተይዞ በቀጭን ቱቦ ይወርዳል። ቱቦው በአቧራና በሙልጭልጭ ሲደፈን ውሃው በኮርኒሱ በኩል መንገድ ያገኛል፤ ቡናማው ክብ የሚታየውም ብዙ ጊዜ በሥራ አስኪያጁ ወንበር አናት ላይ ነው። ትሪው ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሶ መውረዱን ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ከመሣሪያው ውጪ ያለው ችግር ደግሞ ብርድ የምንፈራ መሆናችን ነው። በላይዋ ቀዝቃዛ አየር የሚወርድባት ገንዘብ ተቀባይ «ብርድ ይመታኛል» ብላ ካርቶን ትለጥፋለች። የእሷ አየር ወደ ጎረቤት ይሄዳል፣ ጎረቤቱም ወረቀት ይለጥፋል። ወር ሳይሞላ የመሐንዲሱ የአየር ስርጭት ስሌት በፕላስተር ይደመሰሳል። ፈታሹ ወረቀቱን ነቅሎ መሄድ ሳይሆን የአየር አቅጣጫ መቀየሪያውን ማስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ በማግሥቱ ይመለሳል።

የሰኞ ጠዋት አደጋ

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ኮምፕረሰር ወዲያው እንዳይነሣ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች መኖራቸውንና መመጣጠናቸውን የሚጠብቅ መሣሪያም እንዲሁ፤ አንድ መስመር ጎድሎ የሚሠራ ሞተር ብዙ አይቆይም። በየፍተሻው ኃይሉን የሚያገናኘውና የሚያቋርጠው የኮንታክተር ጥርሶች ይታያሉ፣ የላሉ ቡሎኖች ይታሰራሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሚከተለውን ነው። ጥበቃው ወይም አከራዩ ቅዳሜ ማታ «መብራት እንዳይቆጥር» ብሎ የትልቁን ማሽን ማብሪያ ከፓኔሉ ያጠፋዋል። በሌሊቱ ብርድ ጋዙ ወደ ኮምፕረሰሩ ሄዶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ይህ እንዳይሆን ዘይቱን የምታሞቅ ትንሽ ማሞቂያ ከኮምፕረሰሩ ሥር አለች፤ የምትሠራው ግን ፓኔሉ ሲበራ ብቻ ነው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማብሪያው ይነሣል፣ ዘይቱ እንደ ቢራ ይገነፍላል፣ ኩሽኔታዎቹ ያለ ቅባት ይዞራሉ። መፍትሔው ፓኔሉ ላይ «አይጠፋም» ብሎ መለጠፍ ነው። የግድ ጠፍቶ ከነበረ ኮምፕረሰሩ ከመነሣቱ በፊት በአምራቹ በተጻፈው ልክ፣ አንዳንዱ ላይ እስከ ግማሽ ቀን፣ ኃይል አግኝቶ መሞቅ አለበት።

ውሃ ያለበት ሥርዓት

ቺለር፣ የማቀዝቀዣ ማማና ቦይለር ያለው ሕንፃ ጭንቀቱ ኖራ፣ ዝገትና ተሕዋስያን ናቸው። ኖራ በቱቦ ውስጥ ሲጋገር ሙቀት አያሳልፍም፤ ጀበና ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ይገባዋል። የውሃው ጨዋማነትና አሲዳማነት ይለካል፣ መድኃኒት ይጨመራል፣ ቱቦዎቹ በየጊዜው ተከፍተው ይቦረሻሉ።

ተሕዋስያኑ ግን ሰው ይገድላሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1976 በፊላደልፊያ ቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል የአሜሪካን ሌጅን (የቀድሞ ወታደሮች) ማኅበር ጉባኤ በተካሄደበት ወቅት ከ180 በላይ ሰዎች ታመው 29 ሞቱ። በቀጣዩ ዓመት የተለየው ባክቴሪያ ሌጂዮኔላ ተባለ፤ በሆቴሉ የማቀዝቀዣ ሥርዓት በኩል እንደተሰራጨም ይታመናል። ባክቴሪያው ለብ ባለ ውሃ፣ በተለይ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው፣ ይራባል። ሙቅ ውሃን በ60 ዲግሪ ማጠራቀም፣ ያልተከራዩ ክፍሎችን ቧንቧ በየሳምንቱ ከፍቶ ማፍሰስና ማማውን ማጽዳት ዛሬ የተለመደ ጥንቃቄ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰሌዳና መዝገብ

እ.ኤ.አ. በ2008 አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የዘርፉ ማኅበር ከሥራ ተቋራጮች ማኅበር ጋር ሆኖ ያወጣው ስታንዳርድ 180 የንግድ ሕንፃ ምን መሣሪያ እንዳለው ተመዝግቦ፣ ለእያንዳንዱ የፍተሻ ድግግሞሽ እንዲወሰን ይጠይቃል። ድግግሞሹ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ለደጋው ኢትዮጵያ ግንቦት የፍሳሽ ማውረጃና የጣሪያ ላይ ሽፋን ወር ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት። በጥቅምት ዝናቡ ያጠበውን ኮይልና የዛገውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ማየት ይቻላል። ከጥር በኋላ አቧራው ሲነሣ ፊልተር ይቀድማል።

አብዛኛው የጥገና ውል የሚወድቀው ቅጹ ላይ ነው። በሁሉም መስመር «ደህና» የሚል ምልክት ያለበት ወረቀት ምንም አይናገርም። ቁጥር ግን ይናገራል። አንድ ኮምፕረሰር በጥቅምት 14 አምፒር፣ በታኅሣሥ 15፣ በየካቲት 16 ተኩል ከጎተተ፣ ክፍሉ ገና እየቀዘቀዘ ቢሆንም አንድ ነገር እየመጣ ነው። የሚገባውና የሚወጣው አየር የሙቀት ልዩነት ከ8 እስከ 12 ዲግሪ የነበረው ወደ 5 ከወረደም እንዲሁ። ልምድ ያላቸው ሠራተኞች የቺንጋውን ቁጥር፣ የፊልተሩን ልክና የመጨረሻውን አምፒር ከነቀኑ በማሽኑ በር ውስጠኛ ገጽ በማርከር ይጽፉታል። መዝገቡ ከቢሮ ቢጠፋም፣ ተቋራጩ ቢቀየርም፣ በሩ እዚያው ነው።