ግሪፊዝ ስታዲየም ምንድን ነው?

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወጥቶ በጆርጂያ አቬኑ ጥቂት ወደ ላይ የተራመደ ሰው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልን ያገኛል። በ1965 እስኪፈርስ ድረስ (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እዚሁ ቦታ ላይ የዋሽንግተን ሴናተርስ የቤዝቦል ሜዳ ነበር፤ ግሪፊዝ ስታዲየም።

ማርች 17 ቀን 1911 የእንጨት መቀመጫዎቹን እሳት በላቸው። የውድድሩ መክፈቻ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም። ወዲያው በብረትና በኮንክሪት መሥራት ተጀመረ፤ ኤፕሪል 12 ላይ ግንባታው ሳያልቅ ጨዋታው ተካሄደ። ጥድፊያውና ቅጥልጥሉ ኋላም ያስታውቅ ነበር፤ በ1920ዎቹ የተጨመረው ፎቅ ጣሪያው ከቀድሞው ከፍ ብሎ ስለተሠራ ሁለቱ አልገጠሙም።

የአጥሩ ቅርፅ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። ከመሀለኛው ሜዳ ጀርባ አምስት ቤቶችና አንድ ትልቅ ዛፍ ነበሩ። ባለቤቶቹ አንሸጥም ስላሉ ግድግዳው እነሱን ለመዞር ወደ ሜዳው ውስጥ ታጠፈ። ዛሬ ከመቺው እስከ አጥሩ የሚዘረጉት የጎን መስመሮች ርዝመት ብዙውን ጊዜ 100 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚህ የግራው ለብዙ ዓመታት ከ120 ሜትር ያልፍ ነበር። የቀኙ አጠር ቢል እንኳ (98 ሜትር ገደማ) 9 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ኳስ ከአጥር ማውጣት፣ ማለትም ሆም ረን፣ ብርቅ ነበር። በ1945 ሴናተርስ በሜዳቸው ዓመቱን ሙሉ ያስመዘገቡት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ኳሷ ከአጥር ሳትወጣ የቡድኑ ተጫዋች ጆ ኩል ቤዞቹን (የሜዳውን መርገጫዎች) ሮጦ የዞረው ነው። የኒውዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል በ1953 ከግራ ያወጣት ኳስ 565 ጫማ (172 ሜትር) ሄደች ይባላል። ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል፤ የተለካው ኳሷ ከተገኘችበት እንጂ መሬት ከነካችበት አይደለም።

በ1924 የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ)፣ 7ኛው ጨዋታ 12ኛ ዙር ላይ፣ የሴናተርሱ ማክኒሊ የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ሄዳ ከጠጠር ጋር ተጋጨችና በተከላካዩ አናት ላይ ነጥራ አለፈች። ዋሽንግተን 4 ለ 3 አሸነፈ።

ባለቤቱ ክላርክ ግሪፊዝ በ1940ዎቹ ሜዳውን ለጥቁሮቹ ቡድን ለሆምስቴድ ግሬይስ ያከራይ ነበር። የራሱ ቡድን ግን እስከ 1954 ጥቁር ተጫዋች አላሰለፈም፤ የግሬይሱ ኮከብ መቺ ጆሽ ጊብሰን በኪራይ ሲመታ እያየ።

ቡድኑ ከ1960 በኋላ ወደ ሚኒሶታ ሄደ፤ ምትኩ እዚህ የተጫወተው አንድ ዓመት ብቻ ነው። መቺው ይቆምበት የነበረው ቦታ ዛሬ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል።