የአውሮፕላን ሞተር ዘይት ፓምፕን ማሻሻል ምንድን ነው?

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በአሮጌ ቮልስ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያቺን መብራት ያውቃታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት መብራት ነች። ዳገቱ ላይ ዝም ትላለች። ደሴ ተገብቶ፣ ሞተሩ በደንብ ግሎ፣ መኪናው በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆም ሲል ግን ብልጭ ድርግም ማለት ትጀምራለች።

የአጎቴ ቮልስ ላይ ይህ ሲደርስ ልጅ ነበርኩ። መኪናዋ ጋራዥ ገባች። «ፓምፑ ደክሟል፣ ትልቅ ይግባላት» ተባለ። ትልቅ ፓምፕ ተገዝቶ ገባላት። መብራቷም ጠፋች። ሁለት ወር ያህል ቆይታ ተመለሰች። በመጨረሻ ሞተሩ ሲፈታ ፓምፑ ምንም አልነበረበትም። የተበላው የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የዋናው ዘንግ፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) ነበር። ትልቁ ፓምፕ ያደረገው ነገር ቢኖር በሽታውን ለሁለት ወር መሸፈን ነው።

በመኪና ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ገንዘብ ያስወጣል። ጥግ ይዞ መቆም ግን ይቻላል። በአየር ላይ ጥግ የለም። ስለዚህ «የዘይት ፓምፕ ማሻሻል» የሚለው ነገር ምን እንደሆነ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል።

ቮልስን ያነሳሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። የቮልስ ሞተር የቀላል አውሮፕላን ሞተር የቅርብ ዘመድ ነው። አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተዋል። የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ሴስና 172 ላይ ለብዙ ዓመታት ሲገጠም የኖረው የሊኮሚንግ ሞተርም አቀማመጡ ይኸው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ከድሮ ጀምሮ የቮልስ ሞተር ይጠቀማሉ። የእኛው አስመላሽ ዘፈሩም ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማትን አውሮፕላን ሲሠራ የገጠመላት የቮልስዋገን ሞተር ነበር።

አሁን ወደ ፓምፑ እንግባ።

የዘይት ፓምፕ ቀላል ዕቃ ነው። በአብዛኛው ሁለት ባለ ጥርስ ማርሾች ናቸው። እርስ በርስ ተነካክሰው ጠባብ ቤት ውስጥ ይሽከረከራሉ። አንዱን ሞተሩ ራሱ ያዞረዋል፣ ሌላው ይከተላል። ብዙ ሰው ዘይቱ በሁለቱ ማርሾች መሀል የሚያልፍ ይመስለዋል። አይደለም። መሀል ላይ ጥርሶቹ ስለተነካከሱ መንገዱ ዝግ ነው። ዘይቱ የሚጓዘው በዳር በዳር፣ በጥርሶቹና በቤቱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት እየታቀፈ ነው። በሌላ በኩል ሲደርስ ጥርሶቹ እንደገና ይገጥሙና ዘይቱን ጨምቀው ያስወጡታል። በሊኮሚንግ ይህ ፓምፕ ከሞተሩ ኋላ ባለው መሸፈኛ ውስጥ ተቀምጧል። በቮልስ የካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጫፍ ያዞረዋል። ሮታክስ 912 የሚባለው ሌላ የቀላል አውሮፕላን ሞተር ደግሞ አንዱ ማርሽ በሌላው ሆድ ውስጥ የሚዞርበትን ዓይነት ይጠቀማል።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ፓምፑ በአንድ ዙር የሚያስተላልፈው ዘይት የተወሰነ ነው። ሥራው ዘይት ማስተላለፍ ነው። ጌጁ ላይ የምናየው ግፊት ግን የፓምፑ ብቻ አይደለም። ዘይቱ በሚሄድበት መንገድ ላይ የሚገጥመው ጥበት የሚፈጥረው ነው።

በቆቦ ሜዳ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የውሃ ሞተሩ ያው ነው፣ የሚጎትተው ውሃም ያው ነው። የቱቦውን ጫፍ በአውራ ጣት ጠበብ ሲያደርገው ውሃው ሩቅ ይወረወራል። ቱቦው መሀል ላይ ከተቀደደ ደግሞ ጫፉ ላይ ውሃው ይሰንፋል። ያኔ ገበሬው ሮጦ ትልቅ ሞተር አይገዛም። ቱቦውን ይከተላል። የት እንደተቀደደ ይፈልጋል።

በሞተር ውስጥ አውራ ጣቱ ኩሽኔታው ነው። በክራንክ ሻፍቱና በኩሽኔታው መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት ጋር የሚነጻጸር ነው። ዘይቱ በዚያ ጥበት ሲያልፍ ብረቱን ከብረት ያለያየዋል። ኩሽኔታው ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱ በቀላሉ ይፈሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። የአጎቴ መኪና መብራት ስትነግረን የነበረው ይህንን ነው።

ግፊቱ ከልክ በላይ እንዳይሄድም ጠባቂ አለው። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይባላል። በስፕሪንግ የተያዘ ኳስ ወይም ትንሽ ፒስተን ነው። ግፊቱ ከስፕሪንጉ ሲበልጥ ይከፈትና የተረፈውን ዘይት ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ፓምፑ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ዘይት እያቀበለ ነው። ትርፉ በዚህ ቫልቭ ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ትልቅ ፓምፕ መግጠም በዚያ ፍጥነት ምን ይጨምራል? የሚመለሰውን ዘይት ብቻ። ያንን ዘይት ለመግፋት ጉልበት ይወጣል፣ ዘይቱም በዚያው ልክ ይሞቃል።

ቁጥሩን ልጥቀስ። በብዙ የድሮ ሴስና 172ዎች ላይ ያለው የሊኮሚንግ ሞተር አረንጓዴ ክልሉ፣ ማለትም ጌጁ ላይ በአረንጓዴ የተቀባው ጤናማ ግፊት፣ ከ60 እስከ 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው። በሚኒሞ ዝቅተኛው 25 ነው። የሴስና 150ው ኮንቲኔንታል ኦ-200 ግን ከ30 እስከ 60 ይሠራል። በሚኒሞ 10 ቢያሳይም ጤነኛ ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ። አነስ ያለ ግፊት ማለት የታመመ ሞተር ማለት አይደለም። የእያንዳንዱ ሞተር ትክክለኛ ግፊት መመሪያው ላይ የተጻፈው ነው። «ጌጁ ከፍ ቢል ደስ ይለኛል» ብሎ ፓምፕ መቀየር የሞተር ሕክምና አይደለም።

ታዲያ ማሻሻል የሚባለው ምንድን ነው? በእኔ እይታ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

አንዱ ማጠንከር ነው። ፓምፑ መጠኑ አይለወጥም፣ የተሠራበት ብረት ግን የተሻለ ይሆናል። የዚህ ዋናው ታሪክ የሊኮሚንግ ነው። በአንድ ወቅት በአንዳንድ ሞተሮቹ ፓምፕ ውስጥ ከብረት ዱቄት ተጨምቀው በሙቀት የተጋገሩ ማርሾች ነበሩ። በሌሎቹ የአሉሚኒየም ማርሽ ነበር። የዱቄት ብረቱ ይሰበር ነበር፣ አሉሚኒየሙ ይበላ ነበር። ማርሽ ሲሰበር ዘይት ይቆማል። ዘይት ሲቆም ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እነዚህ ማርሾች ወጥተው በጠነከረ ብረት እንዲተኩ አስገዳጅ መመሪያ አወጣ። ይህ እውነተኛ ማሻሻል ነው። ጌጁ ላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። አብራሪው ግን ከዚያ በፊት ያልነበረው ዋስትና አለው።

ይህን ሳስብ የ2013 ዓ.ም መጀመሪያ ትዝ ይለኛል። አንበጣው ራያ ቆቦንና ሀብሩን ሲወር የደረሰ ማሽላ ላይ ነበር ያረፈው። ገበሬው በጅራፍ፣ በቆርኪና በጩኸት ሲከላከል ቀላል አውሮፕላኖች ከላይ መድኃኒት ይረጩ ነበር። መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ነው የሚበረው። ከፍታ ላይ ሞተሩ ቢቆም አብራሪው ማረፊያ የሚመርጥበት ጊዜ አለው። ማሽላው ራስ ላይ ሲበር ያ ጊዜ የለውም። በዚያ ዝቅታ የሚበረውን ሰው የሚጠብቀው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለ፣ ማንም የማያየው የብረት ጥርስ ነው።

ሌላው ማተለቅ ነው። ይህ በብዛት ያለው በቮልስ ሞተሮች ዓለም ነው። በኋለኞቹ ቮልሶች የፓምፑ ማርሽ ርዝመት 26 ሚሊ ሜትር ነው። አሻሻዮች ባለ 30 ሚሊ ሜትሩን ይገጥማሉ። በዚህ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ዘይት በየዙሩ ያልፋል። ይህ መቼ ይጠቅማል? ሞተሩ ላይ በእርግጥ የሚጨመር መንገድ ሲኖር ነው። ለምሳሌ ዘይቱ ረዘም ያለ ቱቦ አልፎ ራሱን ወደቻለ ፊልትሮና ማቀዝቀዣ እንዲሄድ ከተደረገ፣ በሚኒሞ ላይ ተጨማሪው ዘይት ያስፈልጋል።

ዋጋ ግን አለው። የደሴ የጥቅምት ማለዳ ብርዱ ይታወቃል። ዘይቱ ይወፍራል። ትልቅ ፓምፕ ያንን ወፍራም ዘይት ሲገፋ ማስተንፈሻ ቫልቩ ሁሉንም ማሳለፍ ያቅተዋል። ግፊቱ ይዘላል። ማቀዝቀዣ የሚሰነጥቀው፣ የፊልትሮ ጎማ የሚገፋው ያኔ ነው። ዘይት ለማብዛት የተገጠመው ፓምፕ ዘይቱን ሁሉ ውጭ ሊያፈስ ይችላል ማለት ነው።

ለወሎ ሰማይ ከዚህም በላይ የሚያሳስብ አንድ ነገር አለ። ፓምፕ ዘይት «ይስባል» እንላለን። በእውነቱ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው ከላዩ ያለው አየር ነው። የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላኑ የጦሳን ተራራ ለመሻገር ሲወጣ ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል። ፓምፑ ሲተልቅ በዚያው በድሮው የመምጠጫ ቱቦ ብዙ ዘይት ይጠይቃል፣ የሚገፋው አየር ግን ቀንሷል። መምጠጫው ላይ ያለው ወንፊት ትንሽ ቢደፈን ወይም አንድ ማያያዣ ቢላላ ዘይቱ ውስጥ አረፋ ይገባል። አረፋ ደግሞ ኩሽኔታ አይሸከምም።

እዚሁ ላይ የሙቀቱም ጉዳይ አለ። ከላሊበላም ሆነ ከኮምቦልቻ የተነሳ ቀላል አውሮፕላን ከፊቱ ተራራ ይጠብቀዋል። በላሊበላ በኩል አቡነ ዮሴፍ ከ4200 ሜትር በላይ ነው። አብራሪው ሞተሩን ሙሉ ጉልበት ሰጥቶ፣ አፍንጫውን አቅንቶ፣ በዝግታ ረጅም መውጣት አለበት። ሳሳ ያለ አየር ሲሊንደሩን እንደልብ አያቀዘቅዝም። ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ በኩሽኔታው በኩል በቀላሉ ይሾልካል። ጌጁ ይወርዳል። በብዙ የሊኮሚንግ ሞተሮች የዘይት ሙቀት ጣሪያ 118 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን ባለቤት ቢጠይቀኝ መልሴ ግልጽ ነው። ገንዘቡን ፓምፕ ላይ ሳይሆን ማቀዝቀዣው ላይ ያውለው። የአየር መግቢያውን መዝጊያዎች፣ የተሰነጠቁትን የላስቲክ ጠርዞች ያሳድስ። ዘይቱ ከቀዘቀዘ የድሮው ፓምፕ ይበቃዋል።

ግፊት ወረደ ሲባልም ፓምፑ መጀመሪያ የሚጠረጠር አይደለም። እኔ ከጌጁ ራሱ እጀምራለሁ። ሌላ የታመነ ጌጅ ተገጥሞ ይታይ። ከዚያ ማስተንፈሻ ቫልቩ ይፈታ። አንዲት የካርቦን ፍርፋሪ መቀመጫው ላይ ከገባች ቫልቩ አይዘጋም፣ ዘይቱም ሳይሠራ ይመለሳል። ፊልትሮው ተቀዶ ብልጭልጭ ብረት ካለበት ጉዳዩ የኩሽኔታ ነው፤ ያን ጊዜ ፓምፕ መቀየር አጎቴ ላይ የሆነውን መድገም ነው። ፓምፑ የሚጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሲከፈት የሚታየው ክዳኑ ነው። ማርሾቹ ክዳኑን ፍቀው ክብ ጎድጓድ ከሠሩበት፣ በጥርሱና በክዳኑ መካከል ዘይት ወደኋላ ይሾልካል።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮችን እጅ አከብራለሁ። የጠፋ መለዋወጫ ቶርኖ ቤት ወስደው ሲያስወጡ አይቻለሁ። ሰርተፍኬት ባለው አውሮፕላን ላይ ግን ይህ አይሠራም። የሚገባው ፓምፕ ለዚያ ሞተር የተፈቀደ፣ ቁጥሩ በመመሪያው ያለ መሆን አለበት። የሚገጥመው ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን መካኒክ ነው፣ ሥራውም በሞተሩ መዝገብ ላይ በፊርማ ይሰፍራል። በአገራችን ይህን የሚቆጣጠረው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ቶርኖ ቤት የወጣ ማርሽ ሲታይ ያምራል። የብረቱ ጥንካሬ ግን በዓይን አይለካም። የዱቄት ብረቱ ማርሽም እስኪሰበር ድረስ ጤነኛ ይመስል ነበር።

ፓምፑ ከተቀየረ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ደቂቃ ከሁሉም ትከብዳለች። አዲስ ፓምፕ ውስጥ አየር አለ። ደረቅ ማርሽ አየር እንጂ ዘይት አይዝም። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት ውስጡ በዘይት ይሞላል። ቮልስ ሠሪዎች ቫዝሊን ይጠቀጥቁበታል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል። ከዚያ ከየሲሊንደሩ ካንዴላ ይወጣና ሞተሩ ሳይነሳ በማስነሻው ይሽከረከራል። ጌጁ ሲነሳ ካንዴላዎቹ ይመለሳሉ። ሞተሩ ሲነሳ ዓይን ከጌጁ አይነቀልም። በ30 ሰከንድ ውስጥ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ከተንቀሳቀሰ ሞተሩ እስኪሞቅ ይጠበቃል፣ በሚኒሞ ያለው ቁጥርም ይመዘገባል። ከዚያ ይጠፋል፣ ፊልትሮው ይወጣል፣ ተቀዶ እጥፋቱ በፀሐይ ብርሃን አንድ በአንድ ይታያል።